ከፍተሻ እስከ ውሳኔ፦ የባቡር ሀዲድ ባለሙያዎች ሥልጠና ሊያሟላ የሚገባው

ከሰበታ ተነስቶ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው የኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የንግድ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ይህ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ መስመር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመራው መስመሩን በገነቡት የቻይና ኩባንያዎች የሥራ አመራር ውል ነበር። የውሉ ዘመን ተጠናቆ በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. በተደረገው ርክክብ መስመሩን የማንቀሳቀስና የመጠገን ኃላፊነት ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ የጋራ የባቡር አክሲዮን ማኅበር ተሸጋግሯል።

ስለ ሽግግሩ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሱት ባቡሩን የሚያሽከረክሩትና እንቅስቃሴውን ከመቆጣጠሪያ ማዕከል የሚመሩት ባለሙያዎች ናቸው። ከእነርሱ እኩል ሊታወስ የሚገባው ግን በየማለዳው መሣሪያውን ይዞ ሀዲዱን ተከትሎ በእግሩ የሚጓዘው የመስመር ሠራተኛ ነው። የላላ ብሎን፣ የተሰነጠቀ ሀዲድ፣ በጎርፍ የተሸረሸረ ጠጠር አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ሥራውን በአግባቡ ሲያከናውን ባቡሩ በሰዓቱ ይደርሳል፤ የእርሱም ድካም በዜና አይነገርም። ሥራው በተጓደለ ጊዜ ግን ጉዳቱ የአገር ጉዳይ ይሆናል።

በመሆኑም የሀዲድ ባለሙያዎች ሥልጠና ሲመዘን የሠልጣኞች ቁጥር ብቻውን በቂ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ዋናው ጥያቄ፣ ጉድለት የተመለከተ ሠራተኛ ቀጣዩ ባቡር ከመድረሱ በፊት ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ ማድረግ የሚያስችል ዕውቀት፣ መሣሪያና ሥልጣን በእጁ አለው ወይ? የሚል ነው።

ርክክቡ ያስተላለፈው ኃላፊነት

የባቡር ሙያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የቀድሞው መስመር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በዚያ መስመር ዙሪያ የድሬዳዋ ከተማ ተቆርቁራለች፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ መካኒኩና የሀዲድ ሠራተኛው ሙያውን ከነባር ባለሙያ እግር ሥር ሆኖ ተምሯል። የአዲስ አበባው ለገሃር ስሙን ያገኘው ከዚያው ዘመን የፈረንሳይኛ አጠራር ነው።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ልምድ እንዳለ ወደ አዲሱ መስመር የሚገለበጥ አልሆነም። የቀድሞው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የቀድሞው መስመር ባቡሮች በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አዲሱ መስመር በላዩ 25,000 ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል ተዘርግቶበታል። የመንገደኛ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚጓዝበት መስመር ላይ፣ በዝግታ በሚሄድ ባቡር ሥር ለወራት ሳይታወቅ የሚቆይ ጉድለት በቀናት ውስጥ ወደ አደጋ ሊያመራ ይችላል። የነባሩ ሠራተኛ ትጋትና ዓይን አሁንም አስፈላጊ ቢሆንም፣ የሚመለከተው መስመር ግን ተለውጧል።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ወደብ አልባ እንደመሆኗ አብዛኛው የገቢና ወጪ ንግዷ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። መስመሩ በሚቆምበት ቀን ማዳበሪያ፣ የምግብ እህል፣ ቡናና የፋብሪካ ግብዓት አብሮ ይቆማል። ስለሆነም የሀዲዱ ጤንነት የአንድ ድርጅት የውስጥ ጉዳይ ሆኖ የሚተው አይደለም።

ሀዲድ ዘወትር የሚፈተሽበት ምክንያት

ለተመልካች ሀዲድ ጠንካራና የማይነቃነቅ ይመስላል። በተጨባጭ ግን ባቡር ባለፈበት ቁጥር ሀዲዱ በጥቂቱ ይረግባል፣ ከሥሩ ያሉት አግዳሚዎች ጠጠሩን ይጫናሉ፣ ጠጠሩም እየተፈጨና እየተንሸራተተ ቦታውን ይለቃል። በአንድ ቀን የማይታወቀው ይህ ለውጥ ሲጠራቀም ሀዲዱ ከከፍታው ይወርዳል፣ ከአቅጣጫው ይስታል፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋትም ይዛባል። በሚሊ ሜትር የሚለካ መዛባት ቀስ በቀስ የባቡሩን መወዛወዝ ይጨምራል፤ ከወሰኑ ሲያልፍ መንኮራኩሩን ከሀዲዱ ያወጣል።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የሙቀት መጠን በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል የመርዘም ባሕርይ አለው። ክፍተት እየተተወለት የተጋጠመ ሀዲድ ይህንን ርዝመት በክፍተቱ ያስተናግደዋል። በብየዳ የተያያዘ ረጅም ሀዲድ ግን መርዘም ስለማይችል ኃይሉን በውስጡ አምቆ ይይዛል። ይህንን የታመቀ ኃይል የሚገታው ማያያዣው፣ አግዳሚውና በዙሪያው የተሞላው ጠጠር ነው። ሠራተኞች በቀትር ፀሐይ ለጥገና ብለው ጠጠሩን ከልክ በላይ ቢቆፍሩ ሀዲዱ በድንገት ወደ ጎን ሊቆለመም ይችላል። ጥገናው ራሱ በተሳሳተ ሰዓትና አሠራር ከተከናወነ የአደጋ መንስኤ ይሆናል ማለት ነው። ሥልጠና ያላገኘ ጉልበት፣ ትጋቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በዚህ ሥራ ላይ በቂ አይደለም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከዓይን የተሰወሩ ጉድለቶችም አሉ። በሀዲዱ ውስጥ የሚጀምር ስንጥቅ ላይ ላዩን ሳይታይ ሊያድግ ስለሚችል በአልትራሳውንድ መሣሪያ ይመረመራል፤ የሀዲዱን ቅርጽ የሚለካ ተሽከርካሪም በመስመሩ ላይ በየጊዜው ይሰማራል። እነዚህ መሣሪያዎች ቁጥር ይሰጣሉ እንጂ ውሳኔ አይሰጡም። ቁጥሩን አንብቦ "ይህ እስከ ሳምንት ይቆያል፤ ይህኛው ግን ዛሬ መጠገን አለበት" ብሎ የሚለየው የሠለጠነ ሰው ነው።

መስመሩ የሚያልፍበት ምድር

የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ተነስቶ በስምጥ ሸለቆ በኩል እስከ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። በአንድ መስመር ላይ የደጋ ሌሊት ቅዝቃዜና የቆላ ቀትር ሙቀት ይፈራረቃሉ። በደጋው በኩል ያለው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዚህ አፈር ላይ የተዘረጋ ሀዲድ ከፍታው እንዳይዛባ የተለየ ክትትል ይሻል።

በቆላው በኩል ዋናው ሥጋት ደራሽ ጎርፍ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የድሬዳዋን ከተማ የመታው የደጫቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። የዚህ ዓይነቱ ጎርፍ ከደጋው በወረደ ዝናብ የሚመጣ በመሆኑ፣ የሀዲድ ሠራተኛው በቆመበት ስፍራ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ በቆላ የሚሠራ የፍተሻ ቡድን የሚከታተለው የራሱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የተፋሰሱን የላይኛው ክፍል ዝናብ ጭምር መሆን ይኖርበታል። ጎርፍ ካለፈ በኋላም ሀዲዱ ቀጥ ብሎ መታየቱ አያዘናጋም፤ ከሥሩ ያለው አፈር ተሸርሽሮ ሀዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላልና።

በመተሐራ አካባቢ የበሰቃ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ መምጣቱ ለመንገድና ለባቡር መሠረተ ልማት ፈተና ሆኖ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ይህ ክስተት ለሀዲድ ባለሙያዎች ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። በመደበኛ የጊዜ ሰሌዳ ከሚደረገው ፍተሻ ባሻገር፣ ጎርፍ፣ ከባድ ሙቀት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በተከሰተ ቁጥር ወዲያውኑ የሚካሄድ ልዩ ፍተሻ ሊኖር ይገባል። ማን እንደሚያዝዘው፣ በየትኛው ድልድይና ቱቦ እንደሚጀመር፣ እስኪጠናቀቅ ድረስ ባቡሮች በምን ፍጥነት እንደሚጓዙ አስቀድሞ ተጽፎ ሠራተኛው የተለማመደው መሆን አለበት።

ከተፈጥሮው በተጨማሪ መስመሩ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት በሚያሰማሩበት አካባቢ ያልፋል። አጥር በተበጠሰበት ቦታ እንስሳት ወደ ሀዲዱ ይገባሉ፤ ግጭቱ የአርብቶ አደሩን ሀብት ያጠፋል፣ ባቡሩንም ለአደጋ ያጋልጣል። የማያያዣ ብረቶችና የኤሌክትሪክ ኬብሎች ስርቆትም ሌላው ተግዳሮት ነው። የመስመር ሠራተኛ ከአካባቢው የአገር ሽማግሌዎች ጋር በሚግባቡበት ቋንቋ ተነጋግሮ መረጃ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ የተቆረጠው አጥርም ሆነ የጎደለው ብሎን ቶሎ ይታወቃል። በመሆኑም ከማኅበረሰቡ ጋር የመሥራት ክህሎት ከቴክኒክ ሥልጠናው ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ከሌሎች አገሮች አደጋዎች የተገኙ ትምህርቶች

የሀዲድ ደህንነት እንደ ሰንሰለት ነው። ማየት፣ መመዝገብ፣ መወሰንና መፈጸም የየራሳቸው ቀለበት አላቸው፤ አንዱ ሲበጠስ የሌሎቹ ጥንካሬ አያድንም። የረጅም ዘመን የባቡር ታሪክ ባላት እንግሊዝ (ብሪታንያ) የደረሱ ሦስት አደጋዎች ይህንን በግልጽ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2000 በሃትፊልድ የደረሰው ነው። በፍጥነት ይጓዝ በነበረ የመንገደኞች ባቡር ሥር ሀዲዱ ተሰባብሮ 4 ሰዎች ሞተዋል። ሀዲዱ በመንኮራኩር ጫና ምክንያት በተፈጠሩ ስንጥቆች ተዳክሞ ነበር። ጉዳዩን ይበልጥ አሳዛኝ ያደረገው ግን የሀዲዱ መጎዳት አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ለመቀየሪያ የሚሆን ሀዲድ ወደ ስፍራው ቀርቦ ሳይገጠም ቆይቷል፤ እስኪቀየር ድረስም ባቡሮች በዝግታ እንዲያልፉ የሚያዝ ገደብ አልተጣለም። እዚህ ላይ የጎደለው የሚያይ ዓይን አልነበረም፤ የታየውን ወደ ውሳኔ የሚያደርስ አሠራር ነበር። ከአደጋው በኋላ በመላ አገሪቱ መስመሮች ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የፍጥነት ገደቦች ተጥለው የባቡር አገልግሎቱ ለወራት ተመሰቃቅሏል። በአንድ ቦታ በወቅቱ ያልተወሰደ እርምጃ በአገር ደረጃ ዋጋ አስከፍሏል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 2007 በግሬይሪግ የደረሰው ነው። ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዛውረው የመስመር ማቀያየሪያ ክፍሎቹ ላልተውና ተሰብረው ስለነበር ባቡሩ ከሀዲድ ወጥቶ አንዲት መንገደኛ ሕይወቷ አልፏል። ምርመራው እንዳመለከተው ከአደጋው 5 ቀናት አስቀድሞ ሊደረግ ታቅዶ የነበረው ፍተሻ በዚያ ስፍራ አልተከናወነም፤ አለመከናወኑንም አሠራሩ በወቅቱ አላወቀውም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ ፍተሻ ስለመደረጉ የሚቀርብ መዝገብ ያልተፈተሸውን ቦታም ለይቶ ማሳየት እንዳለበት ነው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2019 በዌልስ፣ ማርጋም በተባለ ስፍራ የደረሰ ሲሆን ተጎጂዎቹ የሀዲድ ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። ከፍተኛ ድምፅ ባለው መሣሪያ፣ የጆሮ መከላከያ አድርገው ሲሠሩ ባቡር ደርሶባቸው 2 ሠራተኞች ሞተዋል። የባቡር መምጣትን የሚያስጠነቅቅ ቅኝት ጠባቂ አልቆመላቸውም፤ መስመሩም ለባቡር አልተዘጋም ነበር። ሠራተኞቹ ልምድ ያላቸው ነበሩ። ልምድ ያለ አስተማማኝ ሥርዓት ሕይወትን እንደማይጠብቅ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የአገራችንም ታሪክ ከባድ ትምህርት ትቶ አልፏል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ላይ ባለ ድልድይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሀዲድ በመውጣቱና ወደ ገደል በመውደቁ ከ400 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ አስከፊ አደጋዎች አንዱ ነው። አደጋው የፍጥነት ገደብ ምን ያህል የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያስገነዝባል። የመስመር ሠራተኛ ጉድለት አይቶ "በዚህ ስፍራ በዝግታ ይታለፍ" ሲል የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ትርጉም የሚኖረው አሽከርካሪው ዘንድ ደርሶ ሲከበር ብቻ ነው። ስለዚህ የሀዲድ ሠራተኛው፣ የመቆጣጠሪያ ማዕከሉና የአሽከርካሪው ሥልጠና በአንድ ልምምድ ላይ መገናኘት ይኖርበታል።

15 ሰከንድ፦ የሠራተኛው የራሱ ደህንነት

የመንገደኛን ሕይወት የሚጠብቅ ሠራተኛ በቅድሚያ የራሱ ሕይወት ሊጠበቅ ይገባል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት በቅኝት ጠባቂ ማስጠንቀቂያ የሚሠሩ የሀዲድ ሠራተኞች፣ በመስመሩ በሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት የሚመጣ ባቡር ከመድረሱ ቢያንስ 15 ሰከንድ በፊት አስተማማኝ ቦታ ላይ መገኘት አለባቸው። ይህ ቁጥር በኢትዮ-ጅቡቲ መስመር ፍጥነት ሲሰላ ምን እንደሚመስል መመልከት ጠቃሚ ነው።

በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ15 ሰከንድ 500 ሜትር። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ሰብስበው ከመስመሩ ለመውጣት 10 ሰከንድ ቢፈጅባቸው ተጨማሪ 330 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅኝት ጠባቂው ባቡሩን ቢያንስ ከ830 ሜትር ርቀት ማየት ይኖርበታል። ኩርባ፣ ኮረብታ፣ ጭጋግ ወይም የአቧራ አውሎ ነፋስ ይህን ርቀት ከጋረደው፣ ጠባቂ ማቆም ብቻውን ጥበቃ አይሆንም፤ ተጨማሪ ጠባቂ ማቆም ወይም መስመሩን ለሥራው ጊዜ መዝጋት ግዴታ ይሆናል። ይህ ቀላል ስሌት ነው። ማንኛውም የሥራ ቡድን መሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በስፍራው አስልቶ ለቡድኑ ሊያስረዳው የሚችል መሆኑ ደግሞ የሥልጠናው ውጤት መገለጫ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመሩም የማይታይ አደጋ ነው። 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ሳይነኩት እንኳ በቅርበት ሊገድል ይችላል። ረጅም የብረት ዘንግ ወይም መሰላል ይዞ ከሥሩ መንቀሳቀስ፣ ኃይሉ መቋረጡና ከመሬት ጋር መያያዙ ሳይረጋገጥ ወደ ላይ መውጣት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ሠራተኛው በቃል ብቻ ሳይሆን በተደጋጋሚ ልምምድ ሊያውቀው ይገባል።

ሥልጠናው ምን ያካትት?

በዘርፉ የሰው ኃይል ለማፍራት መሠረቶች ተጥለዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በባቡር ምህንድስና በድኅረ ምረቃ ደረጃ አስተምሯል፤ በርካታ ወጣቶችም ወደ ቻይና ተልከው ሠልጥነዋል። በጅቡቲ በኩል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የሉባን የሙያ ማሠልጠኛ በባቡር ዘርፍ ትምህርት ይሰጣል። ቀጣዩ ሥራ ይህንን ዕውቀት በየኪሎ ሜትሩ ሀዲዱን ከሚረግጠው ሠራተኛ ዘንድ ማድረስ ነው። ለዚህም አምስት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛ፣ ሥልጠናው በመስመሩ ላይ ይሁን። ጉድለት ሆን ተብሎ የተዘጋጀበት የልምምድ ሀዲድ ላይ ሠልጣኙ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ፣ እንዲለካና የክብደት ደረጃውን እንዲወስን ማድረግ ከሥዕልና ከገለጻ ይበልጣል። የላላ ማያያዣ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ከመጽሐፍ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ መዝገብ አያያዝ እንደ ጽሕፈት ሥራ ሳይሆን እንደ ደህንነት ሥራ ይታይ። በአሜሪካ ደንብ የሀዲድ ፍተሻ መዝገብ ፍተሻው በተደረገበት ዕለት ተዘጋጅቶ በፈታሹ መፈረም አለበት። ቦታው፣ የጉድለቱ መጠን፣ የተወሰደው እርምጃና ያልታየው ክፍል ተለይቶ ካልተጻፈ፣ ቀጣዩ ፈረቃ ከባዶ ይጀምራል፤ ጉድለቱ እያደገ መሆኑንም የሚያውቅ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጥ። በዚያው ደንብ መሠረት ብቁ የሆነ የሀዲድ ፈታሽ የማስተካከያ እርምጃ ለማዘዝ የሚያስችል የጽሑፍ ውክልና ይሰጠዋል፤ ከደረጃ በታች የሆነ ነገር ሲያገኝም ወዲያውኑ እርምጃ ማስጀመር ግዴታው ነው። ሠራተኛውም በቅን ልቦና ሥራው አደገኛ ነው ብሎ ካመነ የመቃወም መብት አለው። ፍጥነት እንዲቀነስ ወይም ባቡር እንዲቆም ማዘዝ የማይችል ፈታሽ፣ አደጋን አስቀድሞ ከማየት ያለፈ ነገር ማድረግ አይችልም።

አራተኛ፣ የደህንነት ቋንቋ አንድ ይሁን። የቀድሞው መስመር ቃላት ፈረንሳይኛ ነበሩ፤ የአዲሱ መስመር መሣሪያዎችና መመሪያዎች ከቻይንኛና ከእንግሊዝኛ ጋር መጥተዋል፤ በመስመሩ ላይ የሚሠሩት ደግሞ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ በጅቡቲ በኩልም ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። በሬዲዮ የሚተላለፍ የፍጥነት ገደብ ወይም የመስመር መዝጊያ ትእዛዝ ለሁለት ትርጉም ክፍት መሆን የለበትም። የተወሰኑና የማይለወጡ ቃላት መምረጥ፣ ትእዛዝ ተቀባዩም የሰማውን ደግሞ እንዲናገር ማድረግ ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ሕይወት የሚያድን አሠራር ነው።

አምስተኛ፣ ብቃት በየጊዜው ይመዘን። አንድ ጊዜ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ለሙሉ የሥራ ዘመን ዋስትና ሊሆን አይችልም። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ውስጥ ያለው የብቃት ምዘና ልምድ ለሀዲድ ፈታሾች፣ ለበያጆች፣ ለቅኝት ጠባቂዎችና ለሥራ ቡድን መሪዎች በየፈርጁ ሊሠራ ይችላል። የተመዘነው ሰው ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለትና ምን እንዳልተፈቀደለት መታወቂያው ላይ ሊነበብ ይገባል።

የዝግታ ዋጋና የአመራሩ ኃላፊነት

እዚህ ላይ በግልጽ ሊነሳ የሚገባው ፈታኝ ጉዳይ አለ። የሠለጠነ ፈታሽ የፍጥነት ገደብ ሲጥል ባቡር ይዘገያል፤ ጭነት የሚጠብቅ ደንበኛ ያማርራል፤ የወሩ የሥራ ክንውን ቁጥርም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ፈታሹ "ለምን አዘገየህ?" ተብሎ የሚጠየቅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያየውን በለሆሳስ ያልፈዋል። ሥልጠናው በአንድ ሳምንት ያስተማረውን የሥራ ቦታው ባህል በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ስለሆነም ሥልጠናው ከሀዲድ ሠራተኛው ባሻገር የጣቢያ ኃላፊዎችን፣ የትራፊክ ተቆጣጣሪዎችንና ሥራ አስኪያጆችን ጭምር ሊያካትት ይገባል። አመራሩ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት የፍጥነት ገደብ እንደተጣለ ብቻ ሳይሆን፣ የተጣሉት ገደቦች በምን ያህል ጊዜ ተጠግነው እንደተነሱ ነው። ለወራት የሚቆይ ገደብ ችግሩ ከፈታሹ ዘንድ ሳይሆን ከጥገና አቅሙ ዘንድ መሆኑን ያመለክታል።

የጥገና አቅም ደግሞ ከመለዋወጫ አቅርቦት ተነጥሎ አይታይም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመለዋወጫ እጥረት የተነሳ በርካታ ባቡሮቹ ከሥራ ውጭ ሆነው መቆየታቸው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሀዲድም ይሠራል። ስንጥቅ የሚያገኝ ሰው አሠልጥኖ የሚቀየር ሀዲድ፣ ማያያዣና የብየዳ ግብዓት አለማዘጋጀት፣ ሐኪም ቀጥሮ መድኃኒት እንደመንሣት ነው። ለሥልጠና የሚያዘው በጀት ለመለዋወጫ ከሚያዘው ጋር አብሮ ሊታቀድ፣ በአገር ውስጥ ሊመረቱ የሚችሉ ክፍሎችም ተለይተው ሊበረታቱ ይገባል።

ማጠቃለያ

"ሳይቃጠል በቅጠል" የሚለው የአበው ብሂል የሀዲድ ጥገናን ምንነት በአጭሩ ይገልጻል። ዛሬ በአንድ ቁልፍ የሚጠብቅ ብሎን ነገ አንድ ሙሉ የባቡር ቅጥልጥል ሊያስከፍል ይችላል። የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር ወደ ሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች እጅ መግባቱ የሚያኮራ ምዕራፍ ነው፤ ምዕራፉ ዘላቂ የሚሆነው ግን ከአዋሽ እስከ ደወሌ በፀሐይ ሥር ሀዲዱን ተከትሎ የሚራመደው ሠራተኛ ጉድለቱን ለይቶ ማወቅ፣ ያየውን በትክክል መመዝገብና እርምጃ ማስወሰድ ሲችል፣ ውሎውን ጨርሶም በሰላም ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። የሥልጠና መርሐ ግብሮች በሚቀረጹበት ጊዜ ይህ መለኪያ ከሠልጣኞች ቁጥር አስቀድሞ ሊቀመጥ ይገባል።